ትርፍ ኃይል ወደ ምሰሶ እንዳይመለስ፦ የዴዬ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር በአዲስ አበባ ዙሪያ

ዴዬ የተባለው የቻይና አምራች የሚሠራው 5 ኪሎዋት ባለ አንድ ፌዝ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ፓኔልን፣ ባትሪንና የመብራት መስመርን አቀናጅቶ ቤቱን የሚመግብ ማሽን፤ ሳጥኑ ላይ ሰን-5ኬ-ኤስጂ03ኤልፒ1 የሚል የተጻፈበት) ከቤት ፍጆታ የተረፈውን የፀሐይ ኃይል ወደ መስመር ሳይለቅ መያዝ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ግን የከረንት መለኪያዋ ቀለበት፣ ኤሌክትሪሻኖች «ሲቲ» የሚሏት፣ በትክክለኛው ሽቦና አቅጣጫ ስትታሰር፣ ሜኑው ውስጥ አንዲት ምልክት ስትጠፋ፣ የፓኔሉ ብዛትም ለቤቱ ፍጆታ ሲመጠን ነው። ከቀለበቷ አስተሳሰርና ከምልክቷ አንዱ ከጎደለ መብራቱ በርቶ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ሁሉም ደህና መስሎ ይታያል፤ ትርፉ ግን በጓሮ በር ወደ ምሰሶው ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው የቆጣሪው ካርድ ከወትሮው ቀድሞ ሲያልቅ ነው።

ጉዳዩ በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎና በገላን በኩል ባለው ቤት ላይ ይበልጥ የሚከብደው በመስመሩ ርዝመት ምክንያት ነው። መሀል ከተማ ትራንስፎርመሩ ቅርብ ነው፤ ዳር ላይ ግን አንድ ትራንስፎርመር ሩቅ ለሩቅ የተሠሩ ቤቶችን ይመግባል። በቁጥር እንየው። ከምሰሶ እስከ ቤት 80 ሜትር ባለ 16 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) አሉሚኒየም ሽቦ ቢዘረጋ፣ ደርሶ መልስ 160 ሜትር ስለሆነ ተቃውሞው 0.3 ኦም ገደማ ይሆናል። በዚህ ሽቦ 20 አምፔር ወደ ኋላ ሲገፋ (4.4 ኪሎዋት ማለት ነው) ቮልቴጁ በ6 ይጨምራል። ከምሰሶው እስከ ትራንስፎርመሩ 300 ሜትር ባለ 50 ካሬ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ 8 ቮልት ያህል ይደረብበታል። ትራንስፎርመሩ ጋ 220 ከሆነ ቤቱ ጋ 234 ይነበባል፤ ይህ ማንንም አይጎዳም። በዚያው ፌዝ ጫፍ ላይ ያሉ አምስት ቤቶች እኩለ ቀን ላይ እኩል ቢገፉ ግን የጋራው መስመር ጭማሪ ብቻ 38 ቮልት ይደርሳል፤ የየቤቱ 6 ሲታከልበት 264 ቮልት ይሆናል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ሶላር ያልተከለው ጎረቤት ፍሪጅ ጭምር ነው። ስለዚህ ትርፍን መገደብ የጉርብትናም ጉዳይ ነው።

ቆጣሪውን በተመለከተ፣ ዲጂታል ቆጣሪዎች እንደ አምራቻቸው ይለያያሉ። ወደ ኋላ የሚሄደውን ኃይል የማይቆጥር አለ፤ ለብቻው የሚመዘግብ አለ፤ አቅጣጫ ሳይለይ ሁሉንም እንደ ፍጆታ የሚደምርም አለ። በመጨረሻው ዓይነት ባለቤቱ ለመስመሩ በነፃ የሰጠውን ኃይል ከራሱ ካርድ ይከፍልበታል። ኃይል ሲመለስ እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ የሚዘጋም ቆጣሪ አለ። ወደ መስመር መልቀቅ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር የጽሑፍ ስምምነትና ሁለቱን አቅጣጫ ለይቶ የሚቆጥር ቆጣሪ ይፈልጋል። እነዚህ በእጅ ካልገቡ ዜሮ ላይ መገደብ ብቻ ነው ትክክሉ።

ወደ ማሽኑ እንግባ። ከፓኔል የሚቀበለው እስከ 6,500 ዋት ሲሆን ሁለት የፓኔል መግቢያ አለው፤ እያንዳንዱ 13 አምፔር ይቀበላል። የፓኔሎቹ ቮልቴጅ ጣሪያ 500 ቮልት ነው፤ በደንብ የሚሠራበት ክልል ከ150 እስከ 425 ቮልት ነው። ባትሪው 48 ቮልት፣ የመሙላት አቅሙ እስከ 120 አምፔር ነው። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሆነ በጭቃ ግድግዳ ወይም በቆርቆሮ አጥር ላይ አይሰቀልም፤ ብሎኬትም ከሆነ ውስጡ ባዶ የሆነውን ቦታ ትቶ በቢም ወይም በኮለን ላይ ማሰር ይሻላል። ከላይና ከታች 50 ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ይህን ርቀት ማጥበብ እዚህ አካባቢ ከሌላ አገር የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ሱሉልታ 2,700 አካባቢ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። የአብዛኞቹ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅም እስከ 2,000 ሜትር የተሰላ ነው። ከዚያ በላይ ለየ100 ሜትሩ 1 በመቶ መቀነስ የተለመደ ስሌት ስለሆነ፣ ሱሉልታ ላይ 5 ኪሎዋት የተባለውን 4.6 ኪሎዋት አድርጎ ማሰብ ይበጃል። ሻጩ ይህን ካልነገረ መመሪያው ላይ የከፍታውን መስመር ፈልጎ ማንበብ የገዢው ድርሻ ነው።

የፓኔል ብዛት ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያፈሳል። አሁን ገበያው ላይ የሚበዛው 550 ዋቱ ፓኔል በባዶው (ምንም ሳይታሰርበት) 50 ቮልት ገደማ፣ ሲሠራ ደግሞ 42 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ባዶ ቮልቴጁ ብርድ ሲሆን ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው የሱሉልታ ጠዋቶች፣ ሙቀቱ ዜሮ ሲደርስ አንዱ ፓኔል እስከ 53.5 ቮልት ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ 10 ፓኔል ቢቀጠል 535 ቮልት ነው፤ ጣሪያው 500 ስለሆነ ማሽኑን ይገድለዋል። 9 ደግሞ 481 ነው፤ ያልፋል፣ ግን ለጥንቃቄ 8 ላይ መቆም ጥሩ ነው። ወደ ታችም ገደብ አለው፦ 3 ፓኔል ብቻ በአንድ ረድፍ ከሆነ 126 ቮልት ነውና ማሽኑ ከሚፈልገው 150 በታች ነው። 4 ፓኔል በጠዋት ይሠራል፤ ቆርቆሮው ሲግል ግን ከ150 በታች ይወርዳል። ዝቅተኛው 5 ይሁን።

አሁን ዋናው ስሌት። 10 ፓኔል (5.5 ኪሎዋት) በበጋ ቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ፍሪጅ፣ መብራት፣ ቲቪ፣ ስቶቭና ቦይለር ያለው ቤት በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ 7 ያህል ይጨምራል። ወደ መስመር መልቀቅ ካልተፈቀደ የቀረው በሙሉ ይባክናል፤ ኢንቨርተሩ ፓኔሉን «በቃህ» ብሎ ይይዘዋል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቤት በአንድ ረድፍ የተያያዘ 6 ፓኔል (3.3 ኪሎዋት፣ በበጋ 14 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ) ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ምርቱ ከበጋው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚሆን ያኔ ከመስመር ትንሽ መግዛት ይኖራል፤ ለሁለት ወር ደመና ብሎ አራት ትርፍ ፓኔል ተክሎ ለአሥር ወር ማባከን አያዋጣም። 10 ፓኔል የሚያስፈልገው ትልቅ ቤት ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ወደ ደቡብ ከማዞር 5ቱን ወደ ምሥራቅ፣ 5ቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ በሁለቱ መግቢያ መከፋፈል ይሻላል። የቀኑ ድምር በጥቂቱ ይቀንሳል፤ በምትኩ የእኩለ ቀኑ ጫፍ ይሰፋና ጠዋት 2 ሰዓት ላይም፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይም የሚጠቅም ኃይል ይኖራል። ባለ ሁለት ክንፍ ቆርቆሮ ጣሪያ ላለው ቤት ይህ ተጨማሪ ብረት እንኳ አይጠይቅም።

ሲቲዋ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ የገደቡ ዓይን እሷ ናት። የምትታሰረው ከቆጣሪው በኋላ በሚመጣው የፌዝ ሽቦ ላይ፣ የኢንቨርተሩ መስመርና የቤቱ ጭነቶች (ኃይል የሚበሉት ዕቃዎች) ከሚገናኙበት ነጥብ በፊት ነው። ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) አብራ ከታቀፈች የሁለቱ ሽቦ ከረንት ይሰራረዝና ዜሮ ታነባለች፤ ኢንቨርተሩ «ቤቱ ምንም አልፈለገም» ብሎ ይቀመጣል፣ ካርዱ እንደ ድሮው ይበላል። በኢንቨርተሩና በማከፋፈያው መካከል ከታሰረች የራሱን ውጤት ብቻ ታያለች። አቅጣጫዋ ከተገለበጠ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው፦ ወደ መስመር የሚወጣውን እንደ ግዢ ስለምታነብ ማሽኑ «ቤቱ ገና ይፈልጋል» እያለ ምርቱን ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ይወጣል፤ እስከ ጣሪያው ድረስ ፓኔሉንም ባትሪውንም ወደ ምሰሶው ያራግፋል። ሌሊት ያለ ምክንያት የሚያልቅ ባትሪ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ማረጋገጫው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የፓኔሉን ብሬከር ይዝጉ። ከኢንቨርተሩ መጠባበቂያ መውጫ (መብራት ሲጠፋም ከሚመግበው) ጋር ያልተያያዘ ምጣድ ይለኩሱ። ስክሪኑ ላይ የቤቱ ጭነት 3.5 ኪሎዋት አካባቢ መነበብ አለበት፤ ቁጥሩ ከመጠን ካነሰ ወይም በኔጋቲቭ ከመጣ ቀለበቷን ገልብጠው ያስሩ። ከዚያ ባትሪው በሞላበት እኩለ ቀን ፓኔሉን ከፍተው ጭነቱን ሁሉ ያጥፉ፤ ከመስመር የሚመጣው ከ20 እስከ 100 ዋት መካከል ረግቶ መቆም አለበት። ቀለበቷ ጥርሷ ካልገጠመ ንባቡ ይዛባል፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይሰማ። ገመዷን ማስረዘም ካስፈለገ የተጠማዘዘና ሽፋን ያለው ጥንድ ሽቦ ይሁን፤ ከኃይል ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አይሂድ።

ቆጣሪው አጥር ላይ ወይም ምሰሶ ላይ ሆኖ ቤቱ ሩቅ ቢሆንም ቀለበቷን እዚያ ድረስ መውሰድ አያስፈልግም፤ ዋናው ማከፋፈያ መግቢያ ላይ ትበቃለች። ከዚያ በፊት ለሰርቪስ ቤት የተቀነጠሰ ሽቦ ካለ ያ ክፍል በቀጥታ ከመስመር ይገዛል፤ የሚጎዳው ነገር የለም። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ላለው ግቢ ግን ይህ ማሽን የሚያየው አንዱን ፌዝ ብቻ ስለሆነ፣ ወይ ባለ ሦስት ፌዙን መግዛት፣ ወይ ትልልቆቹን ጭነቶች ማሽኑ ወዳለበት ፌዝ ማዛወር ይገባል።

ሜኑው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት የሥራ ስልቶች አሉት። «ሴሊንግ ፈርስት» የሚለው ለመሸጥ ነው፤ አይነካ። «ዜሮ ኤክስፖርት ቱ ሎድ» ከኢንቨርተሩ መጠባበቂያ መውጫ ጋር የተያያዘውን ብቻ ይመግባል፤ ሲቲዋን ለማሰር ለማይመች ቤት፣ ሁሉም ጭነት በዚያ መውጫ ከሄደ፣ ጥሩ አማራጭ ነው። «ዜሮ ኤክስፖርት ቱ ሲቲ» ግን የቀረውን የቤቱን ክፍልም ይመግባል፤ ለብዙው ቤት ትክክለኛው ይህ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ኤሌክትሪሻን የሚሳሳተው፦ ከስልቱ ጎን «ሶላር ሴል» የሚል ምልክት አለ፤ ትርፍን መሸጥ ማለት ነው። ስልቱ «ዜሮ» ተብሎ እንኳ ይህ ምልክት ካልጠፋ ትርፉ ወደ መስመር ይወጣል። ስሙ አሳሳች ነው፤ የማሽኑ ትልቁ ድክመት ይህ ነው ብለን እናምናለን። «ዜሮ ኤክስፖርት ፓወር» የሚለውን ደግሞ 50 ዋት ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ሁልጊዜ ከመስመር ትንሽ እየገዛ እንዲቆይ የሚያደርግ ልጓም ነው።

ልጓሙ የማይይዘው አንድ ነገር አለ። ምጣዱ በርቶ ፓኔሉ 3 ኪሎዋት እየሰጠ ሳለ ጋጋሪዋ ድንገት ስታጠፋው፣ ኢንቨርተሩ ቀለበቷን አንብቦ ምርቱን እስኪቀንስ ድረስ ለአጭር ጊዜ ኃይል ወደ ውጭ ያመልጣል። በኃይል መጠን ቀላል ነው፤ አቅጣጫ የማይለይ ቆጣሪ ግን ይመዘግበዋል፤ ስሱ የሆነውም ሊዘጋ ይችላል። ባትሪው ትንሽ ክፍት ቦታ እንዲኖረው ማድረግ ይረዳል፤ ጋገራው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት፣ ባትሪው ገና ሳይሞላ ቢሆን ይመረጣል።

ትርፍን ከመገደብ በፊት መብላት ይቀድማል። የማሽኑ የጄኔሬተር መግቢያ «ስማርት ሎድ» ተብሎ ሲቀየር መውጫ ይሆናል፤ 1,500 ዋት ቦይለር እዚያ ላይ ቢታሰር፣ ባትሪው 95 በመቶ ሲሞላና ፓኔሉ ከ1,500 ዋት በላይ ሲሰጥ ራሱ ይበራል፣ ባትሪው 80 ሲወርድ ይጠፋል። ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ የሚጣለው ኃይል ሙቅ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቢሆን እንኳ ማሽኑን ከብዙ ርካሾች አስበልጠን እናየዋለን።

ባትሪው 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት አንድ ብቻ ከሆነ የመሙያውን ከረንት 50 አምፔር ላይ ማውረድ ግድ ነው። 120 ላይ ከተተወ የባትሪው መቆጣጠሪያ ራሱን ይዘጋል። ያን ጊዜ ሲሞላ የነበረው ኃይል መውጫ ያጣል፤ ጭማሪው ሁሉ ገደቡ ላይ ይወድቃል። የባትሪውና የኢንቨርተሩ የመረጃ ገመድም ይሰካ፤ ሳይሰካ የሚሠራ ተከላ በግምት የሚሄድ ነው።

የመስመሩ ገደብ በምሽት ይገለበጣል። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ሲያበስል ቮልቴጁ ይወርዳል። «ግሪድ ፒክ ሼቪንግ» የሚለውን 2,500 ወይም 3,000 ዋት ላይ ማድረግ ከመስመር የሚሳበውን በዚያ ይይዘዋል፤ ቀሪውን ባትሪው ይሸፍናል። በጊዜ ሰሌዳው ላይ ባትሪውን ለምሽት ማስቀመጥም ይቻላል። ማስጠንቀቂያ፦ የማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ምሽት 12 እሱ ጋ 18፡00 ነው። በእጅ ሰዓት አይቶ 12፡00 የሞላ ሰው ባትሪውን የሚያራግፈው እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በሞላችበት ሰዓት ነው።

የቮልቴጅ መስኮቱን (ማሽኑ መስመሩን የሚቀበልበትን ክልል) በተመለከተ፣ መስመሩ ደካማ ነው ብሎ የላይኛውን ጫፍ ወደ 265 ማስፋት መፍትሔ አይደለም፤ 220 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 242 ነው፣ ከ250 በላይ የቤት ዕቃ እየተጎዳ ነው። የታችኛውን ግን 180 አካባቢ ማድረግ ማሽኑ ምሽት ላይ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ከመመላለስ ያድነዋል። መብራት ከተመለሰ በኋላ የሚጠብቀውን ጊዜ ከ60 ሰከንድ ወደ 300 ማሳደግ ከዚህ ሁሉ ርካሹ መድኃኒት ነው፤ ክፉው ቮልቴጅ የሚመጣው መስመሩ እንደተመለሰ ባሉት ደቂቃዎች ነው።

ግራውንዱ ደግሞ የአፈሩን ነገር ይከተላል። ከአቃቂ ወደ ገላንና ዱከም ያለው ጥቁር መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በክረምት ተለክቶ ጥሩ የተባለው የመሬት ዘንግ በመጋቢት ከአፈሩ ተላቆ ሊገኝ ይችላል። 2.4 ሜትር ዘንግ ሁለት ሆኖ በሁለት ተኩል ሜትር ተራርቆ ቢተከል፣ ልኬቱም በበጋ ቢደገምና ከ10 ኦም በታች ቢሆን ማሽኑ ከመብረቅ ጋር የሚያደርገው ትግል ይቀልለታል። የመብረቅ መከላከያው በፓኔሉም በመስመሩም በኩል ይሁን፤ አንዱ ብቻ ግማሽ በር መዝጋት ነው።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ራሱን ከመስመሩ ይለያል፣ የቤቱን መጠባበቂያ ክፍል ብቻ ይመግባል። ምሰሶ ላይ ለሚወጣ ሠራተኛ ሕይወት ይህ የማይነካ ነገር ነው፤ ማሽኑን ዘሎ ከፓኔል ወይም ከባትሪ በሌላ ኢንቨርተር ወደ ሶኬት የሚሰካ ማንኛውም አሠራር በዚህ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

በቀን 3 እና 4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ለሚበላ ትንሽ ቤት ይህ ማሽን ትልቅ ነው፤ ከመስመር ያልተገናኘ 1 ወይም 2 ኪሎዋት ሥርዓት ይበቃዋል፣ የገደቡም ጣጣ የለበትም። ምጣድ፣ ቦይለርና የውኃ ፓምፕ ላለው የዳር ቤት ግን እንመክረዋለን። ሲገዛ ከሻጩ የሚጠየቀው፦ የዋስትና ወረቀት ከነሴሪያል ቁጥሩ፣ ሲቲዋ በሳጥኑ ውስጥ መኖሯ፣ ተካዩ የእኩለ ቀኑን የሙከራ ንባብ ፎቶ አንሥቶ መስጠቱ። ክፍያው የሚጠናቀቀው ያ ፎቶ ሲሰጥ፣ ስክሪኑም ላይ ከመስመር የሚመጣው ከዜሮ በላይ ሆኖ ሲነበብ ይሁን።